ጅዳ ቦሌ ሁለት ሰዓት፣ መሐል ሜዳ ቦሌ ሁለት ቀን

ማክሰኞ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ መሐል ሜዳ

ልጄ ዘነበች ነገ አምስት ሰዓት ላይ ከጅዳ ቦሌ ትገባለች። ሦስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ መመለሷ ነው። አዲስ አበባን አታውቅም፤ ያኔ እጇን ይዞ ያሳፈራት ደላላ ነው። በስልክ «በር ላይ አንቺን ካላየሁ ከማንም ጋር አልሄድም» ብላኛለች። ስለዚህ አንድ ቀን አስቀድሜ ተነሣሁ። በዘንቢሌ በሶ፣ በሃይላንድ ጸበል፣ ደግሞም የበግ ጠጉር ባና ይዣለሁ፤ ሙቀት የለመደች ልጅ ብርዳችን እንዳይጎዳት።

ጎረቤታችን መምህሩ መንገዱ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም አውሮፕላን በሁለት ሰዓት ይጨርሰዋል ብሎኛል። እኔ ከአራተኛ ክፍል ባላልፍም ሂሳቡን አረምኩለት። እስኪሞላ አንድ ሰዓት፣ በወንበር ለመጣላት ግማሽ፣ ለጎማ ግማሽ። ከሰባት ሰዓት በፊት አይደርስም።

ሦስት ሰዓት፣ እዚያው

አውቶቡሱ አልተነሣም።

«መቼ ነው የምንሄደው?» አልኩት ሾፌሩን።

«ሲሞላ ነዋ፣ እትዬ! ባዶ ወንበር ይዤ ልሂድ?»

አጠገቤ ቦርሳ የታቀፈ የወረዳ ሹም አለ። «ይታገሡ እናቴ፣ አስፋልቱ በዕቅድ ተይዟል።»

ከኋላችን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሳቁ። «እሱም ሲሞላ ነው የሚነሣው?»

ዘጠኝ ሰዓት፣ ሞላሌን እንዳለፍን

ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ መለዋወጫውን አወረደ፤ እሱም ቀድሞ ፈንድቶ ኖሯል። ጭጋግ ውስጥ ቁጭ ብለን ሳለ ከላይ አውሮፕላን አጓራ።

«ከዓረብ አገር ከሚመጡት አንዱ ነው» አሉ ሽማግሌው። «በየቀኑ በገብሴ ላይ ያልፋል።»

«ታዲያ ልጄን ነገ እዚሁ ቢያወርድልኝ ምናለ?»

«ወራጅ አለ በይዋ!»

ሹሙ ግን ኮስተር አለ። «የአውሮፕላን ማረፊያ ጥያቄውም አቅጣጫ ተቀምጦለታል።»

ረቡዕ፣ ደብረ ብርሃን

ጎማው ተለጥፎ ማታ ደርሰን እዚህ አደርን። ጠዋት የአዲስ አበባው ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው አንዱ ተሳፋሪ ሻይ ሊጠጣ ወረደ፤ ሦስት ቀረው። አራት ሰዓት ላይ ተነሣን።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ቦሌ

በሂሳቤ መሠረት ደረስኩ። ጥበቃውን ስለ ጅዳው አውሮፕላን ጠየቅሁት።

«እሱማ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ገባ፣ እናቴ። ግማሹ ባዶ ነበር አሉ።»

«ባዶ ወንበር ይዞ ይነሣል?!»

ሰው እየገፋሁ ስሟን ተጣራሁ። ዘነበች ግድግዳ ተደግፋ፣ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ፣ እጀታውን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ከሲታ ሆናለች።

«ሦስት ሰዎች እናትሽ ልካን ነው አሉኝ» አለች አንገቴ ላይ ተጠምጥማ። «ስሟ ማነው ስላቸው ጥለውኝ ሄዱ።»

ባናውን አለበስኳት። ፀሐዩ ያቃጥል ነበር፤ እሷ ግን አላወለቀችውም። አገራችንን በመስኮት እንዳየችው ነገረችኝ። ቆጠርኩት፤ እሷ በላያችን ስታልፍ እኔ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ልጄ ሩቅ ናት እያልኩ አልቅሻለሁ። ለካ ሩቋ እኔ ነበርኩ።

ሐሙስ ማለዳ፣ አውቶቡስ ተራ

በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኳት።

«እማዬ፣ እስከ ቤታችን ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

ዞር ብዬ ባዶዎቹን ወንበሮች አየሁ።

«በሶ ብዪ፣ ልጄ» አልኳት።