አውሮፕላኑ መቀየሩን ሳልነግራቸው

በደርግ ጊዜ፣ ገና ሃያዎቹን ስጀምር፣ የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የምንኖረው ከእናቴ ጋር ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ ነው። ራሴ አንድም ቀን ሳልበር ስለ በረራ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እኔን ነበር። ይህ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ከኛ ሦስት ቤት ከፍ ብሎ ከደቡብ የመጡ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ባልየውን ጋሼ፣ ሚስትየውን እትዬ እላቸዋለሁ። ጋሼ አናጢ ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እሁድ እሁድ እቤታቸው ሆነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር። አንዲት ልጃቸው አርባ ምንጭ ተመድባ ታስተምራለች፤ እዚያው ልታገባ ነው። ሰርጉ አንድ ወር ሲቀረው እትዬ ጭቃው አንሸራትቷቸው እግራቸው ተሰበረ። ከጭናቸው እስከ ጣታቸው ጀሶ ታሰረላቸው፤ ጉልበታቸው አይታጠፍም።

ጋሼ ቢሮ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ እግር አውሮፕላን ውስጥ ይገባል?»

«ትልቁ ነው የሚሄደው ጋሼ። ፊት ያለው ቦታ ሰፊ ነው፤ ሁለት ወንበር እይዝላቸዋለሁ። እግራቸውን ዘርግተው ነው የሚሄዱት» አልኳቸው።

መረቁኝ። በሳምንቱ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶ እናቴን መንገድ ላይ እያስቆመ ያመሰግናት ጀመር።

ሰርጉ እሁድ፣ በረራው ቅዳሜ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቴሌክስ መጣ፤ ለቅዳሜው በረራ ትልቁ ቀርቶ ትንሹ አውሮፕላን ተመድቧል። ኃላፊዬ የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር ሰጠኝና «ስልክ ላላቸው ደውዪ፤ የሌላቸውን ፈልገሽ አሳውቂ» አለኝ። ደወልኩ። አንድ ነጋዴ «እኔ ያስያዝኩት ትልቁን ነው!» ብሎ ጮኸብኝ። «ያስያዙት መቀመጫ እንጂ አውሮፕላኑን አይደለም» ብዬ መለስኩለት። እንዲህ ዓይነት መልስ አላጣም ነበር።

ስልክ የሌላቸው ጋሼና እትዬ ብቻ ነበሩ። አመሻሽ ላይ ከቀበና ዳገቱን ወጥቼ፣ ቤታችንን አልፌ እበራቸው ደረስኩ። እትዬ ለሰርጉ የሚለብሱት ቀሚስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። እጄን ላንኳኳ አነሳሁና መለስኩት። ምናልባት ነገ ይስተካከል ይሆናል አልኩ ለራሴ። ያን ምሽት ነግሬያቸው ቢሆን፣ አርብ ጎህ ሲቀድ በሚነሳው አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድመውም ቢሆን ለሰርጉ ይደርሱ ነበር። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። አርብ ዕለት እንዳያገኙኝ በሌላ መንገድ ዞሬ ገባሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ መጥተው «አብረሽን ነይ እንጂ፣ ቦታውን የምታውቂው አንቺ ነሽ» አሉኝ። የጎረቤት ፔዦ ቆሟል። እትዬን ከኋላ አስገባናቸው፤ እግራቸው የሚያርፍበት ስላልነበረ ጭኔ ላይ ተደረገ። እስከ ቦሌ ድረስ ያንን ጀሶ ታቅፌ ሄድኩ። እሳቸው በአገራቸው ቋንቋ ለልጃቸው የሚሉትን ምርቃት በለሆሳስ ይለማመዱ ነበር። አሁን እነግራቸዋለሁ፣ አሁን እነግራቸዋለሁ እያልኩ ደረስን።

መንገደኛ የሚቀበለው ሠራተኛ ጀሶውን አይቶ ደነገጠ። «እማማ፣ የማይታጠፍ ከሆነ በዚህኛው አይቻልም። መተላለፊያውን ይዘጋል። ትንሽ ናት እኮ። ከሐሙስ ጀምሮ ለከተማው ቢሮ ተነግሯል።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰምተሽ ነበር?»

«አልሰማሁም ጋሼ።»

ሠራተኛው ያውቀኛል። አየኝና ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። ጋሼ ግን እሱ ላይ ጮኹበት። ጋሼ ሲጮኹ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ተወው በቃ» አሉ እትዬ። «አንተ ሂድ። ሁለታችንም ከቀረን ልጅቷ ምን ትሆናለች?»

ጋሼ ብቻቸውን ሄዱ። እኛ ያንኑ መንገድ ተመለስን፤ እግራቸው እንደገና ጭኔ ላይ ነው። ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ እትዬ ቀስ ብለው «ሐሙስ እበራችን ቆመሽ በመስኮት አይቼሽ ነበር። ትገባለች ብዬ ስጠብቅ ሄድሽ» አሉኝ። «ያኔ ታውቂ ነበር?»

«አዎ እትዬ።»

«ታዲያ ለምን ልጄ?»

«አፍሬ ነው። ትልቁ ነው ብዬ ስለነበር።»

እትዬ እግራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከጭኔ ላይ ሊያነሱት ሞከሩ። አልቻሉም።

ጋሼ ማክሰኞ ተመለሱ። ከሰርጉ ዳቦ ቆርሰው ይዘውልኝ ቤታችን መጡ። «ያን ቀን አንቺን ጠርጥሬ ነበር። ይቅር በዪኝ» አሉ፣ እናቴ ፊት። እትዬ እንዳልነገሯቸው ገባኝ። ዳቦውን በሁለት እጄ ተቀበልኩና «ምንም አይደል» አልኩ።

እውነቱን የነገርኳቸው ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው። ጣውላ እየላጉ ነበር፤ አቆሙ። «እሷ ታውቃለች?» አሉኝ። ያውቃሉ አልኳቸው። ሥራቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላም ሰላምታ አልነፈጉኝም፤ እናቴ ስትታመምም ጠይቀዋታል። በሚቀጥለው ዓመት ልጃቸው ወለደች ተባለ፤ አራስ ሊጠይቁ መሄዳቸውን የሰማሁት ከእናቴ ነው። የሄዱት በአውቶቡስ ነበር።