ሬዲዮኑ ያልመሰከረለት ዕቃ

ጋሼ የምላቸው አጎቴ፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ባለችው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቃችን ውስጥ ማኅተም አያምኑም ነበር። ቻርጀር ከትልቁ ገበያ ከሱቅ ዐረቢ ሲመጣ፣ ጀርባው ላይ ያለውን የደህንነት ምልክት በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ ያደርጉና «ማተሚያ ያለው ሁሉ ያትመዋል» ይላሉ። ከዚያ ሰክተውት አሮጌ ሬዲዮናቸውን ያስጠጉበታል። ሬዲዮኑ ከተንጫጫ ዕቃው አይሸጥም።

«ጎረቤቱን እንዲህ የሚረብሽ፣ ውስጡ ምን እንደጎደለው እግዜር ይወቅ። ንቀይው!» ይሉኛል።

አንዴ አንድ ነጋዴ «ወላሂ አስሊ ነው፣ ያ ዐም!» ብሎ ዕቃው ዋናው እንጂ አስመስሎ የተሠራ እንዳልሆነ ማለላቸው።

«አንተ ትምላለህ፤ ሬዲዮኔ ግን አይምልም» ብለው ካርቶኑን እንዳለ አሸከሙት።

ባለፈው የአርባ ቀን ተዝካራቸው ዕለት፣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ አንድ ዘመዳችን አዲስ መብራት ይዞልን መጥቶ ሰካው። እንደ ልማዳቸው ድምፁን ዝቅ አድርገን የከፈትነው ሬዲዮናቸው ወዲያው ተንጫጫ።

«ምልክት አለው እኮ!» አለ ዘመዳችን፣ ስንደነግጥ አይቶ።

የቤት ሰው ሁሉ ሳያስበው ወደ ወንበራቸው ዞረ። «ንቀይው» የሚለኝ አልነበረም።

ለሐዘናችን የመጣ ስጦታ ነው። ቢሆንም ተነሥቼ ነቀልኩት።