ብቻዬን ነው የምለብሰው ያልኩ ዕለት

መኪና የገጨኝ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። መኪና ብዙ ሰው ይገጫል፤ እሱ ብቻ ቢሆን ብዕር አላነሳም ነበር። ከልቤ አልወጣ ያለኝ ከዚያ በኋላ ካሣ ስንጠይቅ በገዛ አፌ የሠራሁት ሥራ ነው። ባስታወስኩት ቁጥር ፊቴን የማስገባበት አጣለሁ።

የምኖረው አሽቀሎን ከተማ፣ ግቫት ጺዮን ሰፈር ነው። ከጎንደር ወደዚህ አገር ስመጣ ጎረምሳ ነበርኩ፤ አሁን ስድሳ ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ የምግብ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። ሥራዬ የታሸገ ካርቶን እያነሱ መደርደር ነበር።

በዚያ ጠዋት የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጥሎ አስፋልቱ ያንሸራትት ነበር። የፋብሪካው መኪና ወደሚያሳፍረን ቦታ ልሄድ በእግረኛ ማቋረጫው ስሻገር፣ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ፍሬን ይዛ እየተንሸራተተች መጣችና በግራ ጎኔ መታችኝ። ስወድቅ ትከሻዬ ቀድሞ አረፈ። የምትነዳው ልጅ እግር ሴት ናት፤ ከኋላ ሕፃን ይዛለች። ወርዳ አጠገቤ ተንበርክካ አለቀሰች። መሬት ላይ ተጋድሜ እኔው ራሴ አጽናናት ጀመር። «ምንም አልሆንኩም፣ ይልቅ ልጅሽን እዪ» አልኳት። ክንዴ ግን አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።

የትከሻዬ ጅማት ተበጥሶ ኖሮ በቀዶ ሕክምና ሰፉት። ጉልበቴም ተጎድቷል። ከዚያ ወዲህ ግራ ክንዴ ከደረቴ በላይ አይወጣም፤ በግድ ካነሳሁት እንደ እሳት ያቃጥለኛል። ፋብሪካው ጥቂት ወራት ጠበቀኝና «ቀላል ሥራ የለንም» ብሎ የስንብት ደብዳቤ ሰጠኝ።

ባለቤቴ ጥሩነሽ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሽማግሌዎች ትረዳለች። ጠዋት ወደዚያ ከመሄዷ በፊት እኔን ታለብሰኛለች። እጅጌዬን ታስገባለች፣ ሸሚዜን ትቆልፋለች፣ ጉልበቴ ስለማይታጠፍ ጫማዬን ታስራለች። መጀመሪያ አካባቢ በጣም ስለማፍር ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር። እሷ ግን አንድ ቀን ፊቷን አጥቁራብኝ አታውቅም።

በዚህ አገር በመኪና የተጎዳ ሰው ከመኪናው ቢቱዋኽ፣ ከኢንሹራንሱ ማለት ነው፣ ካሣ ይገባዋል። ምን ያህል እንደሚገባው ግን ሐኪም በሚሰጠው የጉዳት መቶኛ ይወሰናል። ሐኪሙን የሚመድበው ፍርድ ቤቱ ነው። ሺራ የምትባል ጠበቃ ያዝን፤ ቅን ልጅ ናት። የቀጠሮው ደብዳቤ ሲመጣ ጠርታ አስጠነቀቀችኝ።

«ሁሉም ነገር ያለው በዚህች አንዲት ምርመራ ላይ ነው። የሚያምህን ሁሉ ንገረው። እንዳታፍር» አለችኝ።

እዚያው ከተማ አጋሚም ሰፈር የምትኖረው ልጄ አቪታል ከሥራ ቀርታ አብራኝ ልትሄድና ልታስተረጉምልኝ ፈለገች። እምቢ አልኩ። «ከሠላሳ ዓመት በላይ በኖርኩበት አገር ሐኪም ቤት በሞግዚት ልሂድ?» አልኳት። ኩራቴ ነው የተናገረው። ምናለ በሰማኋት!

የቀጠሮው ዕለት ጥሩነሽ ጢሜን ላጭታ የሰንበት ሸሚዜን አለበሰችኝ። በባቡር ሄድኩ።

ሐኪሙ ፀጉሩ ነጭ የሆነ ሽማግሌ ነው። ስገባ ከወንበሩ ተነስቶ ጨበጠኝ። በዚህ አገር ስንት ቢሮ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ ተነስቶ የተቀበለኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ልቤ ተነካ።

«እንዴት ነህ?» አለኝ።

«ባሩኽ ሃሼም፣ ሁሉ ነገር ደህና ነው» አልኩት። ሰላምታ መስሎኝ ነው። ሰላም ላለኝ ሰው ገና ከበሩ ሕመሜን ልዘርዝርለት? እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ያባት ነው። እሱ ግን አቀርቅሮ ይጽፋል።

«እጅህስ?»

«ይሻላል።»

«እስቲ አንሳው።»

አነሳሁት። ከደረቴ ሲያልፍ ዓይኔ ጭልም አለብኝ። ጥርሴን ነክሼ ወደ ላይ ገፋሁት፤ ጀርባዬ በላብ ራሰ። በልጅነቴ በሬ ወግቶኝ አባቴ ቁስሌን ሲያጥብልኝ «ወንድ ልጅ አያቃስትም» ብሎኝ ነበር። ደግሞም እንዲህ ባከበረኝ ሰው ፊት እንዴት ብዬ ላቃስት?

«ያምሃል?»

«ትንሽ ነው፤ ይቻላል።»

«ሌሊት ትተኛለህ?»

«እተኛለሁ።»

ከዚያ ሳያየኝ፣ እየጻፈ ጠየቀኝ። «ልብስህንስ ማን ያለብስሃል?»

የገዛ ሚስቴ እንደ ሕፃን እያለበሰችኝ ነው ልበለው? ምላሴ ከእኔ ቀደመች።

«ሌቫድ» አልኩ፤ ብቻዬን።

ሩብ ሰዓት ያህል ነው የቆየሁት። በሩ ድረስ ሸኘኝ። በባቡር ስመለስ ደስ ብሎኝ ነበር። ለጥሩነሽ ስልክ ደውዬ «ጨዋ ሰው ገጠመኝ፣ እግዜር ያለው ይሆናል» አልኳት።

ከሁለት ወር በኋላ ሺራ ቢሮዋ ጠራችኝ። የሐኪሙን ወረቀት ፊቷ አስቀመጠች።

«ዜሮ» አለችኝ። «ቀሪ ጉዳት የለበትም ብሎ ጽፏል።»

ጆሮዬ የሳተ መሰለኝ። «የተሰፋሁትስ? ሥራዬንስ?»

«ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ ድነሃል ነው የሚለው። ምን ነበር ያልከው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እሷ በዚህ አልተወችም። ለሐኪሙ የጥያቄ ደብዳቤ ጻፈችለት፤ የሆስፒታሉን ወረቀት ሁሉ ላከችለት። የጻፈው ራሱ ተመርማሪው የተናገረውን፣ እሱም በዓይኑ ያየውን እንደሆነ መለሰ። ዳኛው ያንኑ ተቀበሉ። በመጨረሻ ኢንሹራንሶቹ ለደረሰብኝ ሕመም ብለው ትንሽ ገንዘብ ወረወሩልን፤ ስለ ሥራዬና ስለ ቀሪው ዕድሜዬ ግን ምንም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ተረቱን አውቀው ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ አልጠቀመኝም።

ለጥሩነሽ «ሐኪሙ ፈረደብኝ» ብቻ ነበር ያልኳት። አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ግን አቪታል ቤታችን መጥታ ወረቀቱን አየችውና ለእናቷ እያነበበች በአማርኛ ትነግራት ጀመር። ወረቀቱን ልቀማት አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም።

«ንጹሕ ለብሷል ይላል። ደህና ነኝ ብሏል። እጁን እስከ ላይ ያነሳል። በደንብ ይተኛል» አለች አቪታል። ወደ እኔ አየችና ጨረሰችው። «ብቻውን ነው የሚለብሰው።»

ጥሩነሽ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ማነው ብቻውን የሚለብሰው?»

«አባ እንዲህ ብሏል፣ እማ» አለች አቪታል ቀስ ብላ።

«ያን ጠዋት ሸሚዝህን ማን ቆለፈልህ?» አለችኝ ጥሩነሽ።

«አንቺ።»

«ታዲያ?»

«አፈርኩ» አልኳት።

«በማን? በእኔ?»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ድምጿ ግን ዝቅ ያለ ነበር፤ ለመቆጣት ሳይሆን ለማወቅ እንደምትጠይቅ ሰው። ተነስታ በረንዳ ላይ የተሰጣውን ልብስ መልቀም ጀመረች። አቪታልም ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ሐኪሙን አልረግመውም፤ ያልኩትን ጻፈ። ያቺን ሾፌርም አልረግማትም። የጥበቃ ሥራ ፈልጌ ብዙ ቦታ ዞሬ ነበር፤ ሳነክስ ሲያዩ «እንደውልልሃለን» ብለው ይሸኙኛል። አሁን መዞሩንም ትቼዋለሁ። ሺራም ከዚህ በኋላ የሚደረግ ነገር እንደሌለ ነግራኛለች። ቀን ቀን ቤት ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ማለት እንደነበረብኝ አንድ በአንድ ለራሴ እመልሳለሁ። አሁን ማንም አይጠይቀኝም።

ጥሩነሽም ያን ጥያቄ ደግማ አላነሳችውም። ማለዳ ማለዳ መጥታ እጅጌዬን ትይዝልኛለች፤ ድሮ እያለበሰችኝ የምታወራኝን የሥራ ቦታዋን ወሬ ግን ትታዋለች። ያፈርኩት በራሴ እንደነበር ልነግራት ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። ለእናንተ፣ ለማላውቃችሁ ሰዎች፣ ይሄን ሁሉ ጻፍኩ። ለእሷ ግን እስካሁን አንዲት ቃል መተንፈስ አልቻልኩም።