ያለ ጭቃ የቀረጽኩት ፊት

መጀመሪያ የደነዘዙት የእግሬ ጣቶች ናቸው። ተቅማጥ ይዞኝ ሰንብቶ ገና መተዉ ነበር። ጠዋት ከአልጋ ወርጄ ወለሉን ስረግጥ ካልሲ ያደረግሁ መሰለኝ። ባዶ እግሬን ነበርኩ። ብዙም አላሰብኩበትም። ጎንደር ውስጥ ቅርጻ ቅርጽ አስተምር ነበርና ያን ቀን ለተማሪዎቼ ጭቃ ሳቦካ ዋልኩ። በማግስቱ መደንዘዙ ጉልበቴ ደረሰ። ከዚያ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ከዚያ ማንኪያ ከእጄ ወደቀ።

ሆስፒታል የገባሁት ያመጣኝን የባጃጅ ሹፌር ተደግፌ ነው። ሐኪሙ ጉልበቴን በትንሿ መዶሻ መታ መታ አደረገ፤ እግሬ አልተነቃነቀም። ከጀርባዬ ፈሳሽ ቀድተው ከመረመሩ በኋላ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ ነገረኝ።

«ጊላን ባሬ ሲንድረም ይባላል። የሰውነትህ መከላከያ ተሳስቶ የራስህን ነርቭ እያጠቃ ነው። አብዛኛው ሰው ይድናል። ግን ከመሻሉ በፊት ይብሳል። የምንፈራው ለትንፋሽህ ነው።»

ባሰ። እጄም ከዳኝ። መዋጥ አቃተኝ። ዓይኔን መክደን አቃተኝ። አየር አጠረኝ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቡኝ። ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ ገባ፤ ቬንቲሌተር የሚሉት ማሽን ይተነፍስልኝ ጀመር። ሁሉ ይሰማኛል። ሁሉ ይገባኛል። አንድ ጣት ማንቀሳቀስ አልችልም። ፈራሁ። መፍራቴን የምናገርበት መንገድ አልነበረኝም።

እትዬ ጥሩ ከአዲ አርቃይ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ነች። ባሏን አያ ተገኘን ከነከብቱ ትታ መጥታ፣ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ከሌሎች አስታማሚዎች ጋር ከረመች። ወደ እኔ ስትገባ ወሬ ትጀምራለች። አታቆምም። ስለ ማሽላው፣ ስለ ጎረቤቷ ፍየል፣ ዛሪማ ገበያ ላይ ስለተጣላችው ነጋዴ። አንድ ቀን ነርሷ፣ «እናቴ፣ ትንሽ ይረፍ እንጂ» አለቻት።

«ምነው? ጆሮው አልታመመ!» አለች።

እውነቷን ነበር። እዚያ አልጋ ላይ ቀኑን ከቀን የለየሁት በእሷ ወሬ ነው።

እየቆየ ትንፋሼ ተመለሰ፤ ቱቦው ወጣ። ሾርባ በማንኪያ አጠጣችኝ፣ ገላዬን አጠበችኝ፣ እግሬን አሸችኝ። በትራስ ተደግፌ መቀመጥ ስጀምር፣ «እንግዲህ ለአጨዳው ልድረስ» ብላ ግንባሬን ስማኝ ሄደች።

አጨዳው ሳያልቅ ሞተች።

የደወለልኝ አያ ተገኘ ነው። «ልቧ ነው አሉ» አለኝ። የልብ ቫልቭ ችግር እንዳለባት ቀደም ብሎ ሐኪም ነግሯት እንደነበር ኋላ ሰማን። ለማንም አልተናገረችም። ለእኔም። ቀብሯ ላይ አልቆምኩም። መቆም አልችልም ነበር።

በክራንች መራመድ ከጀመርኩ በኋላ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጣቶቼን አንድ በአንድ ስባ ለካችና፣ «ክንድህ ጥሩ ነው። የጣቶችህ ጉልበት ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ራስህን አዘጋጅ ማለቴ ነው» አለችኝ። ቤቴ ገብቼ ጭቃ አወጣሁ። የእትዬ ጥሩን ፊት መሥራት ፈልጌ ነበር፤ ከመታወቂያዋ ላይ ካለው ፎቶ በቀር ሌላ ምስል የላትም። አውራ ጣቴን ጭቃው ላይ ተጫንኩ። ጭቃው እንዳለ ቀረ። እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ይህን የሰማችው የሥራ ባልደረባዬ መምህርት ሰዓዳ፣ ቤተሰቦቿ ፒያሳ ካላቸው የጨርቅ ሱቅ በላይ ወዳለችው ክፍል ጠራችኝ። ዲጂታል ዲዛይን ታስተምራለች፤ ጠረጴዛዋ ላይ የቪአር መነጽር፣ ያ ዓይን ላይ ሲደረግ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም ውስጥ የሚያስገባው፣ ነበር። «ይኸ ጉልበት አይጠይቅህም» አለች፣ «ግን ጭቃ ነው ብለህ አትምጣበት፤ ትናደዳለህ።»

ተናደድኩም። መነጽሩ ለደከመው አንገቴ ከበደኝ፤ መጀመሪያ ቀን አቅለሸለሸኝና ቶሎ አወለቅሁት። ጣቶቼ ስለማይጨብጡ ሰዓዳ ኮንትሮለር የሚባሉትን የእጅ መቆጣጠሪያዎች በፋሻ ከመዳፌ ጋር አሰረችልኝ። ከፊቴ አንድ ነጭ ኳስ አየር ላይ ተንሳፈፈ፤ ስስበው ይለጠጣል፣ ስገፋው ይጎደጉዳል፣ እጄን የሚመልሰው ነገር ግን የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ጭቃው ሲገፋኝ ነበር የት እንዳለሁ የማውቀው።

«በእጅህ አትፈልገው» ትለኛለች ሰዓዳ፣ «አዙረውና ጥላውን እይ። ደግሞ ወደ ዓይኑ አትሩጥ፣ መጀመሪያ የራስ ቅሉን ጨርስ።»

እንዳለችኝ አደረግሁ። ሳምንታት ከሄዱ በኋላ ኳሱ ራስ፣ ራሱም ቀስ በቀስ ሴት ሆነ፤ ፊቱን የክፍሉን ያህል አሳድጌ በአፍንጫው ጥግ እየዞርኩ፣ መልሼም መዳፍ ላይ እስኪቀመጥ አሳንሼ በሩቅ እያየሁ መሥራት ለመድኩ። ሲሜትሪ የሚባለው መሣሪያ ደግሞ በሻለው ግራ እጄ የሠራሁትን ሁሉ በሌላው ጉንጭ ላይ ይደግምልኝ ነበር። አስደሰተኝ። የእትዬ ጥሩ ፊት ግን ሁለቱ ጎኖቹ እኩል አልነበሩም። የቀኝ ቅንድቧ ከፍ ይላል፣ ስትናገር ከንፈሯ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ሲሜትሪውን አጠፋሁትና ገና ባልበረታው ቀኝ እጄ ጀመርኩ። ስሳሳት እየመለስኩ፣ ሲደክመኝ ፋሻውን እያስፈታሁ ጨረስኩት።

ሰዓዳ ፊቱን በ3ዲ ፕሪንተር በእጅ የሚያዝ የፕላስቲክ ምስል አድርጋ አወጣችልኝ። ያን ጊዜ በከዘራ መሄድ ችዬ ስለነበር በሕዝብ ማመላለሻ አዲ አርቃይ ወረድኩ። አያ ተገኘ መቃብሯን አሳየኝ፤ ቤት ስንገባ ምስሉን በሁለት እጁ ያዘው። ወደ በሩ ብርሃን አዞረው።

«ሸጋ ነው» አለ። «እሷም ትመስላለች። ግን አፏን ገጥማለች።»

«እንዴት ላድርገው አያ?»

«እኔ ምን አውቅልህ። እሷ ግን መች ዝም ብላ ታውቃለች?»

ተመልሼ ከንፈሮቿን ከፈትኩ። ቀላል አልነበረም፤ አፍ ሲከፈት ጉንጭም አገጭም ይለወጣል፤ ግማሽ ፊቷን እንደገና ሠራሁ። ሁለተኛውን ይዤለት ስሄድ አያ ተገኘ እንደገና ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። «አሁን ከብቱን አስገባ ልትለኝ ነው» አለና ፊቱን አዞረ። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ዛሬ እሄዳለሁ፣ አስተምራለሁ። ሸሚዜን መቆለፍ አሁንም ይፈትነኛል። ጭቃ ይናፍቀኛል፤ ቪአሩ እሱን አልተካልኝም፣ ሥራዬን ግን መልሶልኛል። ጉሮሮዬን ላጸዱልኝ ነርሶች፣ እውነቱን ላልደበቁኝ ሐኪሞች፣ ለሰዓዳና ለቤተሰቧ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ለእትዬ ጥሩ የምለውን አላውቅም።

እግሩ ደንዝዞ ድካሙ ወደ ላይ እየወጣ ያለ ሰው ካለ ነገ አይበል፤ ዛሬ ሆስፒታል ይሂድ። ማገገሙ ቢዘገይባችሁ ከጣቶቻችሁ ጋር አትጣሉ፤ የቀራችሁን ጉልበት የሚቀበል መሣሪያ ፈልጉ። አጠገባችሁ የምታስታምማችሁ ሰው ካለች ደግሞ ሐኪሙ እናንተን አይቶ ሲጨርስ እንዳይሄድ አቁሙት። የእሷንም ልብ ያዳምጥላችሁ።