ወደ ውስጥ የምትባል አዎ

ኤጀንሲ የሚባል ነገር ጨጓራዬን የላጠው ያን ክረምት ነው። ዛሬም ስልኬ ላይ የማላውቀው ቁጥር ሲመጣ ልቤ ድንግጥ ይላል።

ያኔ ማታ ማታ ሜልቦርን ከተማ መሃል ቢሮ አጸዳ ነበር። አስኮት ቬል ባለው የመንግሥት ፍላት ውስጥ የምንኖረው እኔና ልጄ ብቻ ነን። ሥራ ስሄድ ልጄን ፊት ለፊታችን ላሉት አሮጊት ጎረቤቴ፣ ለእትዬ፣ እሰጣቸዋለሁ፣ እሳቸው ጋ ታድራለች። ጠዋት መጥቼ ትምህርት ቤት አደርሳትና እተኛለሁ። ቅዳሜና እሁድም ቢሆን ድካሙ አይለቀኝም፣ ቀኑን ሙሉ ድብን ብዬ ነው የምተኛው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እኔ በአማርኛ አናግራታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። እንዲህ ሆነን ተላምደናል።

አንድ ቀን ልጄን ልወስድ በራቸውን ሳንኳኳ እትዬ ከፍተው ዓይኔን ማየት አቃታቸው። "ልጄ ፐርዝ ነይ ብሎኛል። ወልዷል። በዚህ ወር መጨረሻ ጠቅልዬ መሄዴ ነው፤ አንቺ ልጅ፣ እባክሽ የቀን ሥራ ፈልጊ" አሉኝ።

"እንኳን ደስ አለዎት እትዬ" አልኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብቻዋን ቤት ሊዘጋባት ነው? ሥራውን ልተወው ብልስ ምን በልተን ልናድር? ወሩ ሳያልቅ የቀን ሥራ ማግኘት አለብኝ፣ አለቀ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ አልገባም።

ለእኔ ቢጤ የቀን ሥራ ያለው ላቨርተን ኖርዝ፣ እነዚያ ትልልቅ ዌርሃውሶች፣ መጋዘኖቹ ጋ ነው። ዌርሃውሶቹ ግን ሰው በቀጥታ አይቀጥሩም፤ "ኤጀንሲ ሂጂ" ነው የሚሉሽ። ኤጀንሲው ውስጥ ደግሞ የእኔን ጉዳይ የያዘች አንዲት ወጣት ነበረች። ድምጿ ማር ነው። "ዳርሊንግ" ትለኛለች። ፓስፖርትሽን ላኪ አለችኝ፣ ላክሁ። የፖሊስ ወረቀት አለችኝ፣ ላክሁ። በሳምንቱ ደውላ፣ "ዳርሊንግ፣ ፓስፖርትሽን ላኪልኝ።"

"ልኬልሻለሁ እኮ!"

"ሲስተሙ ላይ አይታየኝም፤ እንደገና ላኪው።"

ሲስተሙ ይደፋ! ላክሁላት።

ሌላ ቀን ደግሞ "የአንድ ቀን ሥራ አለ፣ ነገ አቬይለብል ነሽ?" አለችኝ። እንዴት አልሆን! ጠዋት ከማታው ሥራ ወጥቼ ሳልተኛ፣ ዓይኔ እየተገለበጠ ባቡር ላይ ወጣሁ። መንገድ አጋምሼ ቴክስት መጣ፤ ሺፍቱ ካንስል ሆኗል፣ ሶሪ ይላል። መጨረሻው ላይ ፈገግ ያለች ቢጫ ፊት አስቀምጣበታለች። እኔ እኮ ካንስሉን ልችለው እችላለሁ፤ ያቺን ፊት ነው ያልቻልኩት። ባቡር ውስጥ በአማርኛ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተሳደብኩ። ፊት ለፊቴ የነበረው ሰውዬ ተነስቶ ሌላ ወንበር ፈለገ።

ወሩ ሊያልቅ ሲቃረብ ግን እውነተኛ ነገር መጣ። የቀን ሥራ፣ ቋሚ፣ የቀዘቀዘ አትክልት የሚታሸግበት ቦታ። ልጄን ጠዋት ትምህርት ቤቱ ያለው ማቆያ ይቀበልልኛል፤ ማታ እኔው ጋ ታድራለች። የቀረው የዌርሃውሱ ሱፐርቫይዘር በስልክ ኢንተርቪው እንዲያደርገኝ ብቻ ነው። ደወለ። ልጄ አጠገቤ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ቅዝቃዜ ትችያለሽ ወይ፣ ቆመሽ መዋል ትችያለሽ ወይ፣ ሳጥን ታነሻለሽ ወይ አለኝ። አንዱንም እምቢ አላልኩም። ሰውዬው ብቻ በየመሃሉ "ሃሎ? ደህና ነሽ?" ይለኛል። ደህና ነኝ እለዋለሁ። እንዴት ጨዋ ሰው ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ፣ ልጄንም አቅፌ ሳምኳት።

በማግስቱ ማሯ፣ የኤጀንሲዋ ልጅ፣ ደወለች። "ሶሪ ዳርሊንግ፣ ሌላ ሰው መርጠዋል።"

"ለምን?"

"ምክንያቱን አልነገሩኝም። ስምሽ ግን እኛ ጋ አለ፣ እሺ?"

ደሜ ፈላ። እትዬ ሻንጣ መሸከፍ ጀምረዋል። ልጄ ከትምህርት ቤት እንደወጣች እጇን ይዤ ትራም ላይ ወጣን፤ ቀጥታ ከተማ መሃል፣ ኤጀንሲው ቢሮ። በር ላይ ያለችው "ያለ ቀጠሮ አይቻልም" አለችኝ። "እንግዲያው ቆሜ እጠብቃለሁ" አልኩና እፊቷ ተገተርኩ። ልጄ አፍራ ጃኬቷን ፊቷ ላይ ሳበች። በመጨረሻ ማሯ ራሷ ወጣች።

"ጥፋቴን ንገሪኝ፤ ሳትነግሪኝ ከዚህ አልነቃነቅም" አልኳት።

ግራ ቀኝ አየች፣ ድምጿንም ዝቅ አደረገች። "እውነቱን ልንገርሽ? ሱፐርቫይዘሩ ስለ ትንፋሽሽ ሰግቷል።"

"ስለ ምኔ?"

"በጠየቀሽ ቁጥር ትንፋሽ እያጠረሽ ነበር። አስም ያለባት ሴት ፍሪዘር ውስጥ ብትወድቅብኝስ ብሎ ነው። ገብቶሻል አይደል?"

እኔ ደግሞ ገብቶኛል ለማለት ሳብ አደረግኋታ! ማሯ ጣቷን ቀሰረችብኝ። "ይኸው! ይሄ! አሁን ያደረግሽው!"

ወይ ጉዴ! ያቺን ታውቋት የለ፤ ሰው ሲያወራን አዎ ለማለት አፋችንን ሳንከፍት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ የምናደርጋት። እናቴም እንዲሁ ናት፣ እትዬም እንዲሁ ናቸው። እኔ ማድረጌንም አላውቀውም። ለካ እዚያ ስልክ ላይ አዎ፣ አዎ፣ አዎ ስል ሰውዬው የሚሰማው አንዲት ሴት ስታጣጥር ነው!

ልጄ ከጃኬቷ ውስጥ ብቅ አለች። "የስ ማለቷ ነው" አለቻት በእንግሊዝኛ። "እናቴ የስ የምትለው ወደ ውስጥ ነው።"

ማሯ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ የእኔን ፊት ስታይ ሳቋ ጠፋ። እዚያው ቆማ ሱፐርቫይዘሩ ጋ ደወለችና አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና እንዲያናግረኝ ለመነችልኝ። ዓርብ ይደውላል ተባለ። እትዬ የሚሄዱት እሁድ ነው።

እስከ ዓርብ ልጄ አስተማሪዬ ሆነች። "ርቦሻል?" ትለኛለች በእንግሊዝኛዋ። ሳብ። ጠረጴዛውን ትደበድባለች፦ "ወደ ውጭ እማ! ወደ ውጭ!" "የስ!" እላለሁ። እትዬ ነገሩን ሲሰሙ፣ "እንዴ! ታዲያ አዎ በምን ሊባል ነው?" አሉ። "ይጸልዩልኝ ብቻ" ስላቸው እሳቸውም ሳብ አደረጓት።

ዓርብ ስልኩ ጮኸ። ልጄ ስፒከሩን ከፈተችና ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ አፌን አፌን ታየኛለች።

"ቅዝቃዜ ትችያለሽ?"

"የስ!" አልኩ እንደ ወታደር።

"ቆመሽ መዋል?"

"የስ!"

"ሳጥን ማንሳት?"

"የስ!" ልጄ አውራ ጣቷን አነሳችልኝ። እኔም ልቤ ሞላ።

"ጥሩ። እንግዲህ የመተንፈስ ችግር የለብሽም?"

"የስ!"

የልጄ አውራ ጣት እዚያው አየር ላይ ቀረች። እኔ እኮ አዎ፣ የለብኝም ማለቴ ነው፤ እኛ እንዲህ አይደል የምንለው? በእነሱ ቋንቋ ግን አለብኝ ብዬ አረፍኩት።

"አለብሽ ማለት ነው?" አለኝ ሰውዬው በቀስታ።

ኖ ልል ፈለግሁ፣ ኖ ብልስ ደግሞ ምን ይሆን ትርጉሙ? ጭንቅላቴ ውስጥ የስ እና ኖ ተደበላለቁብኝ። እትዬ ታዩኝ፣ ባዶው በራቸው ታየኝ።

ልጄ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

"የለባትም" አለችው በእንግሊዝኛ። "እኔ አውቃለሁ። ስትተነፍስ ሁልጊዜ እሰማታለሁ። ቅዳሜና እሁድ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ተኝታ ነው። ደህና ነው የምትተነፍሰው።"

አልጋዬ አጠገብ እንደምትቀመጥ አላውቅም ነበር። እንባዬ መጣብኝ፤ በእጄ አፌን ያዝኩ።

"እናትሽ እየሰማችኝ ነው?" አለ ሰውዬው። "እሺ፣ ሰኞ ጠዋት መጀመር ትችያለሽ?"

ልጄ ስልኩን አፌ ላይ ደቀነችልኝ። የስ ልል አፌን ከፈትኩ፤ አንዴም ሁለቴም ሞከርኩ። የወጣችው ግን ያቺው ናት፣ ወደ ውስጥ።

"ሃሎ?" አለ ሰውዬው።

ልጄ ስልኩ ላይ ተደፍታ፣ "አዎ ብላለች! አዎ አለች እኮ!" ብላ ጮኸችበት፣ በአማርኛ።