የእንድሪስ ዕጣ እና የኔ ሻኛ

ትናንት የኢድ ሶላት እንዳበቃ ቤቴም ሳልገባ በቀጥታ እንድሪስ ግቢ ሄድኩ... የቅርጫ ድርሻዬን ላነሳ።

እንድሪስ የመሥሪያ ቤታችን የግዥ ሠራተኛ ነው። በዓል ሲደርስ ጨፋ ሮቢት ወርዶ በሬ ይገዛል፣ ዘጠኝ ባልደረቦች እኩል እናዋጣለን፣ እሱ ግቢ ይታረድና በዕጣ እንካፈላለን። ከዘጠኙ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ በበዓል ቤት ተገኝቶ አያውቅም። ስለዚህ የቅርጫው ጣጣ የኔ ነው።

መደቡን የሚደረድረው እንድሪስ ራሱ ነው። ሌላውን ሥጋ ያከፋፍልና ሻኛና ጭቅናውን ሙሉውን አንዱ መደብ ላይ ይጭነዋል። «ከተቆራረጠ ምኑ ይጣፍጣል? እድለኛ ይብላው!» ይላል። እድለኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እንድሪስ! በመውሊድ እንድሪስ፣ ባለፈው ኢድ እንድሪስ... እኔ አንገትና ጎድን ተሸክሜ እገባለሁ። አንዴ ባጉረመርም «ሰዓዳ፣ ከአላህ ጋር ነው እንዴ የምትጣይው?» ብሎ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ወላሂ ደሜ ነው የፈላው።

ዘንድሮ ግን መሳቂያ መሆን አልቻልኩም። ልጄን ለባቲ ሰዎች ድሬያለሁ፣ አማቾቿ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴ ምሳ የሚበሉት በዚሁ ኢድ ነው። ለአማች አንገት ቀቅዬ ላቅርብ? በቁሜ ልሙት እንዴ!

ዕጣው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሰው ያገኘውን አንድ ነገር ይሰጣል... ጠጠር፣ ቅጠል፣ ሳንቲም። ዕጣ ጣዩ የማን ምን እንደሆነ እንዳያይ ራቅ ብሎ ፊቱን ያዞራል። ከዚያ መጥቶ ዕቃዎቹን በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል፣ ዕቃህ ያረፈበት መደብ ያንተ ነው። ዕጣ ጣያችን ሁልጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ጀማል ነው፣ የእንድሪስ የልብ ጓደኛ። እንድሪስ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሰጠው ቀይ የእስክሪብቶ ክዳን ነው። ይህን ልብ ያልኩት ባለፈው ኢድ ነው፣ ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ትናንት እኔም ከቢሮ አንድ ቀይ ክዳን ቦርሳዬ ውስጥ ሸጉጬ ሄድኩ።

ዕጣ የሚሰበስቡት በዕድሜ ትልቃችን ሼህ አወል ናቸው። ጀማል በሩ ጋ ጀርባውን ሰጥቶ «ኢድ ሙባረክ!» እያለ ስልክ ላይ ይጮሃል። ሼህ አወል ሳህኑን እንደዘረጉ ማንም ሳይቀድመኝ ክዳኔን ጣል አደረግኩ። ሳህኑ ዞሮ ዞሮ እንድሪስ ጋ ደረሰ። እጁን ኪሱ ከተተ፣ ሳህኑን አየ... እጁ እዚያው ኪሱ ውስጥ ቀረ።

«ይሄ የማነው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የኔ» አልኩት። «ምነው?»

«አይ... እኔም ክዳን ነበር የያዝኩት።»

«ሁለት ክዳን በምን ይለያል? ሌላ ስጥ» አሉት ሼህ አወል። ምን ያድርግ? የቤቱን ቁልፍ አወጣ።

ጀማል ሲጠራ እንድሪስ ማሳል ጀመረ። እህ... እህ... ዓይኑንም ያርገበግባል። ጀማል «ኧረ ውሃ ስጡት!» አለና ሳህኑን ተቀበለ። እኔ ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነክሻለሁ።

መጀመሪያ ያነሳው ቀዩን ክዳን ነው። ግራ ቀኝ ሳይል ሄዶ ሻኛው ላይ አስቀመጠው።

እንድሪስ አልቻለም። «ጀማል! የኔ እኮ ቁልፉ ነው!»

ሼህ አወል ቀስ ብለው ወደ እንድሪስ ዞሩ።

«እና ያንተ ቁልፉ መሆኑ ለጀማል ምን ያደርግለታል?»

አጂብ! ጀማል መሬት መሬት ያያል። ያኔ ለሁሉም ገባው። አንዱ «በመውሊድም እንዲሁ ነበር በለኛ!» ይላል፣ ሌላው የወሰደውን ጨጓራ እየጠራ ይማረራል። እንድሪስ ደግሞ ሳያፍር «ይደገም! ዕጣው ይደገም!» ብሎ ተነሳ።

«ዲሲ!» አሉት ሼህ አወል በኦሮምኛ፣ ተወው ማለታቸው ነው። «የገዛ ጓደኛህ የጣለው ዕጣ ነው። ሰዓዳ፣ ልጄ፣ መደብሽን አንሺ።»

የቀረውን ዕጣ በመንገድ የሚያልፍ ባጃጅ ነጂ ጠርተው አስጣሉት። የእንድሪስ ቁልፍ የበሬው አንገት ያለበት መደብ ላይ አረፈ... እኔ የለሁበትም!

ሻኛዬን ጭኔ ላይ አድርጌ በዚያው ባጃጅ ወደ ቤቴ ስመጣ ከሚሴ ከተማ ሁሉ የምታየኝ ነበር የመሰለኝ። እንግዶቹ ደረሱ። ቁሌቱን አብስዬ ሥጋውን እንደጨመርኩ ስልኬ ጮኸ። እንድሪስ ነው።

«እህቴ ሰዓዳ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ያንን ሻኛ ሽጭልኝ፣ የፈለግሽውን ልክፈልሽ።»

«ምነው፣ እንዲህ አማረህ?»

እየተንተባተበ «አንድ ሆቴል ቤት ያለው ሰውዬ አለ... ቀብድ በልቼበታለሁ» አለኝ።

ለካ እንድሪስ በየበዓሉ ሻኛችንን ሲቸበችብ ነው የኖረው! ልናደድ አሰብኩና ሳቄ አሸነፈኝ። ከሳሎን የልጄ አማት «ማሻአላህ፣ ሽታው ብቻ ያጠግባል!» ሲሉ ይሰማኛል። ልጄም በበሩ ብቅ ብላ ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆኖ አየችኝ።

«እንድሪስ፣ አንዴ ጠብቀኝ» አልኩትና ድስቱን ከፍቼ ስልኩን አስጠጋሁለት። ቸስ... ቸስ... ይላል።

«ሰማኸው? በል፣ ኢድ ሙባረክ!»

አቦ፣ ሻኛ በጆሮም እንደሚበላ ትናንት ነው ያወቅኩት!