በቀኝ ጎኑ የሚተኛው ባሌ

ባሌ በጎረምሳነቱ የገና ጨዋታ ሲጫወት በዱላ ተመትቶ አፍንጫው ተጣሞ ቀርቷል። የቀኙ ቀዳዳ ከዚያ ወዲህ አየር ያስገባል ለማለት ያስቸግራል። በቀኝ ጎኑ ሲተኛ ደህናው ግራው ከላይ ይሆንለትና ትንፋሹ አይሰማም። በጀርባው ከተንጋለለ ግን ማንኮራፋቱ ጎረቤት ይቀሰቅሳል።

ይህን ያስተማረኝ ሚዜው ነው። በሠርጋችን ሰሞን እንደ ወጉ እኛው ቤት ሲያድር፣ ባሌ ማንኮራፋት ሲጀምር ይነሣና ትከሻና ዳሌውን ይዞ ቀስ አድርጎ ወደ ቀኝ ያዞረዋል። ባሌ አይነቃም። «እህቴ፣ ከእንግዲህ ይህ ሥራ ያንቺ ነው» ሲለኝ ስቀናል። ሚዜ ለሙሽራ ወንድሟ ነው፤ እኔም እንደ እናቴ ልጅ አየሁት።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ሲይዝ ባሌ ዱር ገባ። አልፎ አልፎ በጨለማ ተጉዞ ሮብ ገበያ አጠገብ ካለው ቤታችን ይመጣና፣ ቀኑን ከትልቁ የእህል ጎታ ጀርባ ተኝቶ ይውላል። እኔም በቀኝ ጎኑ አስተኝቼ፣ እንዳይንጋለል የገብስ ስልቻ ከጀርባው አስደግፍለታለሁ። ቄሳችን አርበኛ ያለበትን በአፉ የተናገረ፣ በጣቱ ያመለከተ ውጉዝ ይሁን ብለው ገዝተው ስለነበር የአገሬን ሰው አልፈራሁም። አይ የዋህነቴ!

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሚዜው መጣ። ደስታዬን አልደበቅሁም።

«ተኝቷል፤ ልቀስቅሰው?» አልኩት።

«ተይው፣ ደክሞት ይሆናል። ዓይኑን ብቻ አይቼ ልሂድ» አለና ከጎታው ጀርባ ገባ። እኔ ጠላ ልቀዳለት ወደ ጓዳ ሄድኩ። ጠላውን ቆሞ ጨለጠና ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ወታደሮች ከባንዳ ጋር መንደሩን እያሰሱ እኛ ቤት ደረሱ። ባሌን ለመቀስቀስ ጊዜ አልነበረኝም፤ በስልቻው ተማመንኩ። አልጋውን ገለበጡ፣ ጓዳውን በረበሩ፣ ምንም አላገኙም። ሊወጡ የበሩን ደፍ ሲረግጡ ከጎታው ጀርባ ማንኮራፋት ተሰማ።

እሱን ከወሰዱት በኋላ ገብቼ አየሁ። ስልቻው አልወደቀም። ከግርጌ በኩል፣ ግድግዳ ተደግፎ በወጉ ተቀምጧል።

በገደሉት ማግስት ሚዜው ለቅሶ መጣ። ማንም ሳይጠይቀው በቄሱ ፊት ደረቱን እየደቃ፣ «እህቴ፣ አፌ አልተናገረም፣ ጣቴም አላመለከተም!» ብሎ ማለ። እውነቱን ነው። ቄሱም ለቀስተኛውም አመኑት።

እኔ ግን የማየው እጆቹን ነበር። ከእኔ ሌላ ባሌን ሳይቀሰቅሱ ማገላበጥ የሚያውቁት እነዚያ እጆች ብቻ ነበሩ።